በአንድ ዓይን የተሣለው ሰው

ይህ ነገር የደረሰብኝ ጦርነቱ ከሐይቅ ከተማ በራቀ በመጀመሪያው ክረምት ነው። ተፈናቃዩ ገና ወደየቤቱ ተመልሶ አላለቀም፤ የወጣቶች ማዕከሉ አዳራሽ መስኮቶችም ገና በላስቲክ ተሸፍነው ነበር። ከዚያ ወዲህ መስኮቶቹ መስታወት ገብቶላቸዋል። እኔ ግን እስከ ዛሬ በዚያ በር ፊት በባጃጅ ሳልፍ ዓይኔን ወደ ሐይቁ አዞራለሁ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ተጨብጭቦልኝ የተሳሳትሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲገባ ስለ ራሴ ጥቂት መናገር አለብኝ። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ሐይቅ ነው። በልጅነቴ በእስጢፋኖስ ገዳም ንባብና ዜማ ተምሬ ድቁና ተቀብያለሁ፤ በኋላ በዘመናዊው ትምህርት ገፍቼ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ተቀጠርሁ። ሥራው ጸጥታ ያለው ስለሆነ የማነብበት ጊዜ ሞልቶኝ ነበር። ስለ ሥዕል የተጻፉትን መጻሕፍት በተለይ እወድ ነበር። በዚህም ምክንያት በከተማው ሰዎች በአንድ ነገር ሲከራከሩ «እስቲ እሱን ጠይቁት» ይባል ነበር። ይህ መባሉ ደስ ይለኝ እንደነበር አልክድም።

የአዳራሹ ኃላፊ ሰይድ አብሮ አደጌ ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ስልክ ደወለልኝ።

«ሊቀ ሊቃውንት፣ የት ነህ?» አለኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «ከአምባሰል የተፈናቀለች አንዲት ልጅ ሥዕል አላት። ሰው ይይላት ብዬ ሰቀልሁላት። ወላሂ፣ እኔ ራሴ ከሰቀልሁት ወዲህ ብቻዬን አዳራሽ መግባት ፈርቻለሁ።»

«ምን ሣለች?»

«እሱን አንተ ንገረኝ። ቶሎ ና፤ ሰው ማጉረምረም ጀምሯል።»

አዳራሹ በለውጡ ሰሞን ታድሶ ነበር። ያን ጊዜ በውስጥ ግድግዳው ላይ እጅ ለእጅ የተያያዙ፣ የሚስቁ ወጣቶች ተሥለውበታል። ጦርነቱ ሲመጣ ወታደር አደረበት፤ ከተያያዙት እጆች አንዳንዶቹ በጥይት ተቦድሰው ቀርተዋል። ሰይድ የልጅቱን ሥዕሎች የሰቀላቸው በእነዚያ እጆች ላይ ነበር።

ሸራ አልነበረም። የእርዳታ ዘይት የመጣባቸው ካርቶኖች ተዘርግተው፣ ጠርዝ ለጠርዝ በማዳበሪያ ክር ተሰፍተው ነበር። ቀለሙም ከሰል፣ ኖራና ቀይ አፈር ነው። ከቅርብ ስመለከት ከከሰሉ ሥር «ከፀሐይ ይጠበቅ» የሚል የፋብሪካ ጽሑፍ አነበብሁ። ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ አየሁ።

ሐይቃችን ነበር፤ ውኃው ግን አልተኛም። እንደ ግድግዳ ቆሟል። ዓሦቹ ከውስጥ ሆነው፣ በመስኮት እንደሚያይ ሰው፣ ወደ ውጭ ያያሉ። በሌላው ሥዕል አንድ ጎጆ በፍየል እግር ቆሞ የአምባሰልን ዳገት ይወጣል። በሌላው የበሬ ሆድ እንደ በር ተከፍቶ ሕፃናት ተኮልኩለውበታል። ዛፎቹ በቅጠል ፋንታ ጆሮ አብቅለዋል። ሰማዩ ሁሉ ጥቁር ነው፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከዓይኖቹ ነው። በሬው፣ ዶሮዋ፣ ድንጋዩ፣ የጎጆው በር ሳይቀር ሁለት ሁለት ትልልቅ፣ ያልተከደኑ ዓይኖች አሏቸው።

እንዲህ ያለ ሥዕል በመጽሐፍ አይቼ አውቅ ነበር፤ ከሩቅ አገር ሰው ሕልም የተቀዳ፣ እኛን የማይመለከት ነገር ይመስለኝ ነበር። የማውቀውን ሐይቅ፣ የማውቀውን ገደል እንዲህ ሆኖ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ውስጤ ፍርሃትም፣ ደስታም፣ ማልቀስም የሚመስል ነገር ገባ። በዚያች ሰዓት ዝም ብዬ መቆም ነበረብኝ። ያልገባኝን ነገር ቶሎ የማስረዳት ልማድ ስላለኝ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

በስተኋላዬ ሰዉ ይንሾካሾካል። «ይኸ ጠልሰም ነው፤ የደብተራ ሥራ ነው» አለች አንዲት ሴት፤ የልጇን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሰይድን ክንዱን ይዘው፣ «የወጣቶች አዳራሽ ብለን ሠራን እንጂ የጂን ቤት አላልንም። አውርደው» አሉት።

«አባባ፣ ጂን ቢሆን ኖሮ ኪራይ አስከፍለው ነበር» አለ ሰይድ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ሰይድ ወደ እኔ ተጠግቶ በጆሮዬ «አንድ ነገር በል እንጂ። ካወረድሁት ይቺ ልጅ ሁለተኛ ከሰል አትይዝም። ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ ሰው ሲያይባት መግባት አፈረች» አለኝ።

በመካከል የተሰቀለውን ትልቁን ሥዕል ተመለከትሁ። ዓይናቸውን ባፈጠጡት ከብቶች መካከል አንድ ረጅም ሰው ቆሟል። መላ ሰውነቱ ጥቁር ከሰል ነው። ከፊቱ የሚታየው አንዱ ጎን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያለው አንድ ዓይን ነው። በሥዕሎቹ ሁሉ ውስጥ አንድ ዓይን ያለው እርሱ ብቻ ነበር። በእጁ ጫፉ ምንም ያልታሰረበት ገመድ ይዟል።

ወዲያውኑ የማውቀውን ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። በልጅነቴ በገዳሙ አንድ መነኩሴ የግድግዳውን ሥዕል በመቋሚያቸው ጫፍ እያሳዩ ያስተማሩን ትዝ አለኝ። ቅዱሳን በሁለት ዓይን፣ በሙሉ ፊት ይሣላሉ። ክፉዎች፣ አጋንንት፣ የጌታችን ሰቃዮች ግን ፊታቸው ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። በጸሎተ ሐሙስ ማዕድ ከተቀመጡት መካከል አንድ ዓይን ያለው ይሁዳ ብቻ ነው።

አግዳሚ ወንበር ስቤ ወጣሁበት።

ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። በተቻለኝ መጠን አሳምሬ ተናገርሁ። ይህ ሥራ ጠልሰም እንዳልሆነ፣ ከአባቶቻችን የሥዕል ሥርዐት የተወለደ እንደሆነ፣ ልጅቱ ጦርነቱን በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ እንደነገረችን አስረዳሁ። ቃሎቼ ያለችግር ይመጡልኝ ነበር። «እነዚህ ሁለት ዓይን ያላቸው ንጹሓን ናቸው፤ እንስሳቱ ሳይቀሩ ንጹሓን ናቸው። ይህ አንድ ዓይን ያለው ግን ከዳተኛው ነው። ጎረቤቱን የሸጠው፣ ወንድሙን አሳልፎ የሰጠው ነው። ገመዱን ተመልከቱ! ይሁዳ ራሱን የሰቀለበት ገመድ ነው።»

ሰዉ «አሃ» አለ። ያ «አሃ» እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ሽማግሌው የሰይድን ክንድ ለቀቁት። ልጇን የሸፈነችው ሴት ነጠላዋን አነሣች። ሁሉም ወደ ሥዕሉ ቀረቡ፤ ከእንግዲህ አይፈሩትም፤ የሚጠሉትን ሰው አግኝተዋልና። አንድ ወጣት በጥቁሩ ሰው ላይ ጣቱን ቀስሮ «ይኸ ውሻ!» አለ።

ከፊት መስመር አንዲት እናት ቆመው ነበር። ከል ለብሰዋል፤ ፀጉራቸው ተላጭቶ በሻሽ ታስሯል። ቀና ብለው «መምህር፣ ማን ነው ያልኸኝ?» አሉኝ።

ጆሯቸው የደከመ መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ፣ ከበፊቱ ይልቅ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ይሁዳ ነው፣ እማማ! ይሁዳ! ከዳተኛው!» አልኋቸው።

«ገመዱስ?»

«የታነቀበት ነው፣ እማማ!»

«እንዲያ ነው ለካ» አሉ። ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አጣፉና በሰዉ መካከል ቀስ ብለው ወጡ። ሰዉም አጨበጨበልኝ።

ከወንበሩ ስወርድ ሰይድ አላጨበጨበም። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ምን አደረግህ?» አለኝ። «እማማ ዘርፌ ናቸው እኮ። የልጅቱ እናት። ያ የሣለችው ወንድሟ ጌታወይ ነው። ሞቷል።»

አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ እኔ ግን ከወንበሩ በቀር የማየው ነገር ጠፋኝ። «ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት።

«መቼ ጠየቅኸኝ?» አለኝ።

ወደ ደረጃው ሮጥሁ። ልጅቱም እናቷም ሄደዋል።

በማግስቱ ሰይድ የነገረኝን አቅጣጫ ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። እናትና ልጅ በአንድ ዓሣ አጥማጅ ግቢ ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራይተው ነበር። ቤታቸው ከውጫሌ ወዲያ፣ በአምባሰል ገጠር ተቃጥሏል። መንገድ ላይ የይቅርታ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያለው። ልጅቱ ዝናሽ በሩን ስትከፍት ሁሉም ጠፋኝ።

እማማ ዘርፌ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሊነሡልኝ ሞከሩ። ዲያቆን ነህ ብለው ነው። ይህ ከስድብ በላይ ወጋኝ።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አልሁ።

«አንተ ምን አጠፋህ፣ ልጄ? የተማርኸውን ተናገርህ። እኔ መሃይም ነኝ፤ ሴት ወደ ገዳሙ አይገባ፣ ሥዕሉን የት አይቼው።»

ዝናሽ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ቀጭን፣ እጆቿ እስከ አንጓዋ በከሰል የጠቆሩ፣ ምናልባት ሃያ ያልሞላት ልጅ ናት። እስከዚያ ድረስ ዓይን ለዓይን አላየችኝም። አሁን ቀና አለች።

«ሁላችን ወጥተን ስንሸሽ እሱ በሬዎቹን ሊፈታ ተመለሰ» አለች። «ታስረው እንዳይቃጠሉ ብሎ። ገመዱ የበሬዎቹ ነው። ስንመለስ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ከማሳው ጥግ በጎኑ ተኝቷል፤ ይኸኛው ጉንጩ መሬት ውስጥ ገብቷል። ገመዱን አልለቀቀም። እኔ ያየሁት አንድ ዓይኑን ነው። ሌላውን አላየሁትም፤ አዙረው ሲገንዙት ዞር በይ አሉኝ። ያላየሁትን ዓይን ከየት ላምጣ?»

ቀጥላም፣ «እኔ ያደረግሁት ከተኛበት ማቆም ብቻ ነው» አለች።

ምን እንደተሰማኝ ለመጻፍ ቃል አልመርጥም። አፈርሁ። ከዚያ እንኳ ዝም አላልሁም። ለእማማ ዘርፌ ማስረዳት ጀመርሁ፤ ያ ሥርዐት የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን እንጂ የሁሉ ሥዕል ሕግ እንዳልሆነ፣ በጎን የተሣለ ሁሉ ክፉ እንዳልሆነ፣ ልጃቸው በሬ ሲፈታ የሞተ የዋህ ሰው እንደሆነ፣ ቀስ ባለ፣ በለሰለሰ ድምፅ ነገርኋቸው።

እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ትናንት በሰው ፊት ጮኸህ ነገርኸኝ» አሉ። «ዛሬ ለብቻዬ በሹክሹክታ ትነግረኛለህ። የትኛውን ልመን?»

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«አርባውን አውጥቼለታለሁ። የንስሐ አባቴም አብሽሪ ብለውኛል። አሁን ግን ገበያ ብወጣ ሰው የይሁዳ እናት ይለኛል። ከአገር አብሮን የተፈናቀለ፣ ሥዕሉ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የጎረቤቴ ልጅ ትናንት ማታ መጥቶ፣ ‹እማማ፣ ጌታወይ ማንን አሳልፎ ሰጥቶ ነው?› አለኝ። ምን ልበለው?»

«በሰው ፊት እናገራለሁ» አልኋቸው። «በዚያው ወንበር ላይ ወጥቼ።»

«ተናገር» አሉ። ብዙ ተስፋ ያደረጉ አይመስሉም ነበር።

የመጪውን ቅዳሜ መረጥሁ፤ ገበያተኛው ከገጠር የሚወጣበት ቀን ነው። ሰይድ ለሰዉ ሁሉ አስነገረ፤ በዚያ ሳምንት ውስጥ እንደ ልማዱ አንድ ጊዜ እንኳ ሊቀ ሊቃውንት ብሎ አልጠራኝም። እኔም የመጣው ይምጣ ብዬ ምንም ሳላዘጋጅ ሄድሁ።

አዳራሹ ከእሑዱ ይልቅ ሞልቶ ነበር። ገብቼ ወደ ትልቁ ሥዕል ስመለከት ግን ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ጥቁሩ ሰው ሁለት ዓይን ነበረው። ፊቱ እንደ ቀድሞው ወደ ጎን ዞሮ ሳለ፣ ሁለተኛው ዓይን ከጉንጩ በላይ፣ ከጆሮው አጠገብ፣ ዓይን ሊኖር በማይችልበት ስፍራ ተጨምሮ ነበር። ከኖራ የነጣ፣ ትልቅ፣ ያልተከደነ።

ዝናሽ ከግድግዳው ሥር ቆማ እጇን በቀሚሷ ትጠርግ ነበር። «ዛሬ ጧት ነው» አለችኝ። «እማዬ እንዲያ ሆኖ ከሚቆም አውርጅውና ይቃጠል አለችኝ። ማቃጠል አልቻልሁም፤ ይሁዳ እንዳይባል ዓይን ጨመርሁለት።»

«እኔ ልናገር መጥቼ ነበር እኮ።»

«እሷ ትመጣለህ ብላ አላመነችም» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። የተበሳጨ ድምፅ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ወንበሩ ላይ ወጣሁ። እማማ ዘርፌ በሩ አጠገብ ቆመው አየኋቸው። በዚህ ጊዜ ቃሎቼ አልመጡልኝም፤ ተንተባተብሁ። «ባለፈው እሑድ የነገርኋችሁ ውሸት ነው» አልሁ። «ሳላውቅ ነው የተናገርሁት። ይህ ሰው ይሁዳ አይደለም። ጌታወይ ይባላል። የእማማ ዘርፌ ልጅ ነው። ይህም የበሬዎቹ ገመድ ነው። በሬዎቹ ታስረው እንዳይቃጠሉ ሊፈታቸው ተመልሶ ሞተ። ማንንም አልሸጠም። እኅቱ ያገኘችው በጎኑ ተኝቶ ስለሆነ በጎኑ ሣለችው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ማንም አላጨበጨበም። ባለፈው ጥቁሩን ሰው «ውሻ» ያለው ወጣት በሰዉ መካከል ነበር፤ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት አየ። ሽማግሌው «ነፍስ ይማር» አሉ፤ ከኋላ ያሉትም ተከተሏቸው፤ ሙስሊሞቹም እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ።

እማማ ዘርፌ ወደ ፊት መጡ። ልጃቸውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብለው፣ «አሁን ሰማሁ» አሉ። «ሰውም ሰማ።» ይህን ብቻ ነው ያሉኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም፤ እኔም ይገባኛል ብዬ አልጠበቅሁም።

ከዚያ ወደ ዝናሽ ዞሩ። «እንግዲህ ያን ዓይን አጥፊውና እንደ በፊቱ ይሁን።»

ዝናሽ ጣቷን ምራቅ አስነክታ ጠርዙን ቀስ ብላ ሞከረች። ኖራውና ከሰሉ አብረው ተንሸራተቱ፤ የጌታወይ ጉንጭ ጥግ ደበዘዘ። ወዲያው እጇን ሰበሰበች።

«አይሆንም፣ እማዬ» አለች። «ካርቶን ነው፤ ጠጥቶታል። ልጥረገው ብል ፊቱን ነው የማጠፋው።»

እናቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተይው በቃ» አሉ። «ይኑር።»

ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ወደ አምባሰል ተመለሱ። ዝናሽ መሣሏን አልተወችም። ሥዕሎቿ ደሴ ተወስደው ታይተዋል፤ ሰይድ በኩራት ይዞኝ ሄዶ ነበር። እዚያ ከሌላ ከተማ የመጡ፣ ስለ ሥዕል የሚያውቁ የሚመስሉ ሰዎች በትልቁ ሥዕል ፊት ተሰብስበው ነበር። ሁሉም የሚያደንቁት ያን ከጆሮው አጠገብ ያለውን ዓይን ነው። «ይህን ማሰቧ!» ይሉ ነበር። አንዱ ስለ ትርጉሙ ረዘም ያለ ንግግር ጀመረ፤ ሌሎቹም «አሃ» አሉ። ሰይድ በክርኑ ነካ አድርጎ አየኝ። እኔ አፌን አልከፈትሁም።

ዛሬም ስለ ሥዕል አነባለሁ፤ ሰዎችም አንዳንድ ጊዜ ይጠይቁኛል። ከመናገሬ በፊት የሣለው ሰው የት እንዳለ እጠይቃለሁ። ይህ ግን ያፈርሁትን አያነሣልኝም። ዝናሽ ያየችውን ብቻ ሥላ ነበር፤ ያላየችውን እንድትሥል ያደረግኋት እኔ ነኝ።

ደሴ በነበርሁበት ቀን ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ሥዕሉን ብቻዬን ቆሜ አየሁት። የጌታወይ የራሱ ዓይን ወደ በሬዎቹ ያያል። ሁለተኛው ግን በሬዎቹን አያይም፤ መንገዱንም አያይም። ከሥዕሉ ወጥቶ ወደ ፊት፣ ትንሽም ወደ ላይ ያያል፤ በሐይቁ አዳራሽ ወንበር ላይ ቆሜ ወደ ነበርሁበት ስፍራ። ዝናሽ አስባበት እንደሆነ አላውቅም። ለመጠየቅ አልደፈርሁም።